የሕዝብ በረዶ

«አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ በረዶ የማን ነው?» አሉ አቶ ልሳነወርቅ፣ እንዳይወድቁ የሱቁን በር ግጥም አድርገው ይዘው።

«የሕዝብ ነዋ፣ ጌታዬ» አለች ባለሱቋ።

አቶ ልሳነወርቅ የከተማው የበረዶ መንሸራተቻ ዳይሬክተር ናቸው። ሱቁን ለእህታቸው ልጅ ሊሰጡት አስበዋል። ሴትየዋ ደግሞ ልጆቿን የምታሳድገው እዚያው የመንሸራተቻ ጫማ እያከራየች ነው። መሐንዲሱ ሱቁን በስህተት በረዶው ሜዳ መሐል ስለተከለው፣ ደንበኛ ሁሉ እየወደቀ ይመጣና እየተንሸራተተ ይሄዳል። ዳይሬክተሩም ወድቀው ተነስተው ደረሱ፤ እንደ ማንኛውም ሰው የራሳቸውን ጫማ በመያዣነት አስቀምጠው የመንሸራተቻውን አጠለቁ። ሥልጣናቸው ትዝ ያላቸው ከዚያ በኋላ ነው።

«እንግዲያው ስሚ! ከአሁን ጀምሮ ምንም ዓይነት የግል ንብረት የሕዝብን በረዶ እንዳይነካ! ሱቁን ዝጊ!»

«አሁኑኑ?»

«አሁኑኑ! አንዲት ደቂቃ አልጨምርም!»

ሴትየዋ ወጥታ ተንበረከከችና የጫማቸውን ማሰሪያ ፈታች። እጃቸውን ከበሩ ማንሳት ስላልቻሉ ሊከለክሏት አልቻሉም። አንዱን እግር አወለቀች፣ ሌላውንም ደገመች።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«የግል ንብረቴን እያነሳሁ ነዋ።»

«በይ የራሴን ጫማ አምጪ!»

«እሱስ የግልዎ አይደል? እንዴት በረዶውን ይንካ? ካልሲውም የግል ነው፤ እሱን ግን እንዳላየሁ አልፌዋለሁ።»

«ታዲያ በምን ልሂድ?»

«እርስዎ የሕዝብ አገልጋይ፣ በረዶውም የሕዝብ። ሁለታችሁ አትጣሉም፣ ትግባባላችሁ» አለች። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ከበሩ አላቀቀችና ወደ ውስጥ ገብታ ዘጋችው።