በር ላይ ጀርባውን የሰጠው ሰው

አንድ ሰው ነበረ። «ስንት ዓመት የተማረን ሐኪም እኔ ምን ብዬ አስተምረዋለሁ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ የለ፣ ሲስተር ወይንሸት? እንግዲያው የዚህን ሰው ነገር ስሚ።

ሰውየው መኪና በሳምንት አንዴ በሚደርስበት የቆላ ከተማ ሃያ ዓመት ድሬሰር ሆኖ ሠርቷል። መርፌ ይወጋል፣ ቁስል ያጥባል። ሰው «ዶክተር» ይለዋል፤ እሱም አይደለሁም አይል። አንድ ቀን ከአገሩ ጦርነት ያሳደደው የባዕድ አገር ሐኪም ተመደበ። አለቆቹ ድሬሰሩን፣ «ሕክምናውን ያውቃል፤ ሦስት ወር አጠገቡ ሆነህ አገሩን አስተምረው» አሉት። እሺ አለ። አፉ ነው እሺ ያለው።

በዚያ አገር ሚስቱ ምጥ የጠናባት ባል ወደ ጤና ጣቢያ ይመጣል እንጂ አይናገርም። ቀድሞ የተናገረ ሞትን ይጠራል ብለው ይፈራሉ። ጋቢውን ተከናንቦ፣ ለበሩ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል። አንድ ሰው ወጥቶ «ቤት ማንን ትተህ መጣህ?» እስኪለው ድረስ ቃል አይወጣውም።

አንድ ጠዋት እንዲህ ያለ ሰው መጥቶ ተቀመጠ። ሐኪሙ አየው፤ ፀሐይ የሚሞቅ መሰለውና እጅ ነስቶ አለፈ። ድሬሰሩም በመስኮት አየው።

የጽዳቷ ሴትዮ፣ «ኧረ ጌታው፣ ያ ሰውዬ…» ብትል፣

«ዝም በይ! የተማረው አለልሽ አይደል፣ እሱ ይወቀው» አላትና ፋሻውን መጠቅለል ቀጠለ።

ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ሰውየው ከቦታው አልተነሣም፤ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ድሬሰሩ ለምሳ ሲወጣ የጋቢውን ጥለት አየ። የገዛ ሚስቱ ፈትላ ለልጃቸው ሠርግ የሰጠችው ጋቢ ነው። ሮጦ ፊት ለፊቱ ቆመ።

«ማንን… ማንን ትተህ መጣህ?»

«ልጅዎን» አለ አማቹ።

ሐኪሙ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሮጠ። እናቲቱን አተረፋት። ሕፃኑ ግን ትንፋሽ አልነበረውም። እጁን እየታጠበ በተሰባበረ አማርኛ፣ «ባልየው ከስንት ሰዓት ጀምሮ ተቀመጠ?» ብሎ ጠየቀ። ድሬሰሩ ሰዓቱን አሳምሮ ያውቀዋል።

ወይንሸት ልጄ፣ እኔ የሰው ነገር ውስጥ አልገባም፤ ዓይኔ ነው የሚገባው። ትናንት በጤና ጣቢያችሁ አጥር ቀዳዳ አይቼሻለሁ። ያ እንድታስተምሪው የተሰጠሽ ስደተኛ ሐኪም አንዲት በሽተኛ አሳይቶ «ይቺ ሴትዮ ለምን አትናገርም?» ብሎ ሲጠይቅሽ፣ ትከሻሽን ሰብቀሽ ገባሽ። ድሬሰሩ አንቺ ነሽ። ሐኪሙ ሆድ ከፍቶ መስፋት ያውቃል፤ የኛን ሰው አፍ ማስከፈት ግን ያንቺ ሙያ ነው። ምራቴ ወሯ ገብቷል። አንቺም እህት አለሽ። በር ላይ ጀርባውን የሰጠው ሰው የማን ባል እንደሆነ፣ ልጄ፣ ከኋላ አይታወቅም።