«ባዶ ነው» የተባለው ጀልባ

አንድ አናጢ ነበር፤ አበጋዝ ይባላል። ደጋ ላይ ባለች ከተማ እየኖረ፣ አርባ ኪሎ ሜትር ቁልቁል ተወርዶ በሚገኝ ሐይቅ ዓሣ ለሚያጠምዱ ሰዎች የመጀመሪያ ጀልባውን ሠራ። ስምንት ወር ፈጀበት። ጀልባው በደህና ከደረሰ ዓሣ አጥማጆቹ ሌላ ሦስት ሊያሠሩት ቃል ገብተዋል።

ጀልባውን በፒካፕ መኪናው የሚጎትትበት ባለሁለት ጎማ ተሳቢ አሠርቶ አስመዘገበ። ተሳቢው የራሱ ፍሬን የለውም። በተሰጠው ወረቀት ላይም «ከነጭነቱ ከስድስት መቶ ኪሎ እንዳይበልጥ» ተብሎ ተጽፏል።

በጉዞው ዕለት ማለዳ፣ ጡረታ የወጡት የከባድ መኪና ሹፌር ጋሽ ሙሄ ሊረዱት መጡ። ተሳቢውን ከነጀልባው እህል መጋዘን ወስደው በመሬት ሚዛን አስመዘኑት፤ አምስት መቶ አሥር ኪሎ ሆነ። ጀልባውን ከፊትም ከኋላም ከተሳቢው ብረት ጋር አሰሩት፤ ገመዱንም እየጎተቱ ሞከሩት። ተሳቢውን ከመኪናው የሚያገናኘው ጋንቾ ቢወልቅ እንኳ ተሳቢው እንዳያመልጥ በሁለት ሰንሰለት ከመኪናው ጋር አያያዙት። የኋላ መብራቱን፣ ፍሬቻውንና ታርጋውን ካዩ በኋላ ወደ አናጢው ዞሩ።

«ስማኝ ልጄ፤ ይኼ ነገር ሜዳ ላይ ይከተልሃል፤ ቁልቁለት ላይ ግን ይገፋሃል። የሚያቆመው እግር ያንተ ብቻ ነው። ዘጠና ኪሎ ይቀርሃል፤ እሷንም ባትነካት ይሻልሃል።»

ጋሽ ሙሄ ገና ከመሄዳቸው የወንድሙ ሚስት ሁለት ጆንያ ሽንኩርት አሸክማ መጣች። «ባዶውን አይደል የሚሄደው? ለእህቴ አድርስልኝ፣ በሞቴ!» አለችው። መቶ ኪሎ ነው። እምቢ ማለት አፈረ።

እሷ ሳትርቅ የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ወንድይፍራው አርባ ቆርቆሮ ይዘው ደረሱ። ሐይቁ ዳር ቤት እየሠሩ ነው። «ጀልባ ሆደ ሰፊ ነው፤ ይኼ ምን ይለዋል? እኔም አብሬህ እወርዳለሁ» አሉ። አባቱ የሞቱ ጊዜ ድንኳን ያስተከሉለት እኚህ ሰው ናቸው። ቆርቆሮው ሁለት መቶ ሃያ ኪሎ ይሆናል። አበጋዝ በልቡ ደመረ፤ ስምንት መቶ ሠላሳ። ደምሮም ቆርቆሮውን ከሽንኩርቱ አጠገብ ጫነው። ጭነቱ ሸራ ለበሰ፤ መንገድ ጀመሩ።

ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቆማቸው። መብራቱን አስበርቶ፣ ሰንሰለቱንና ታርጋውን አይቶ አሳለፋቸው።

«አየህ?» አሉ አቶ ወንድይፍራው እየሳቁ። «ሕግ ራሱ አሳለፈህ!»

«ሕጉ ወረቀቱ ላይ ነው ያለው፣ ጋሼ። እኛ ያለፍነው እሱ ሚዛን ስላልያዘ ነው።»

ትንሽ እንደወረዱ አበጋዝ ፍሬን ነካ አደረገ። ተሳቢው መኪናውን ከኋላ ገፋው። አሁንም ያዘ፤ አሁንም ገፋው። እንደ ምንም ከአንዲት ሻይ ቤት ፊት ለፊት ዳር ይዞ ቆመ፤ ለጎማዎቹ ድንጋይ አደረገና ሸራውን መፍታት ጀመረ።

«ምን ልትሠራ ነው?»

«ላወርድ ነው።»

«የእኔን ቆርቆሮ? እዚህ ሰው መሐል?»

«ጀልባውን አድርሼ ነገ በባዶ መኪና እወስድልዎታለሁ።»

«አባትህን ቀብረን ለአርባ ቆርቆሮ ሳንበቃ ቀረን በለኛ! ሂድ፣ አንተዬ፤ ብቻህን ሂድ።» ቆርቆሮው ሲወርድ ላዩ ላይ ተቀመጡ፤ ፊታቸውንም አዞሩበት።

አበጋዝ ሽንኩርቱንም አውርዶ፣ በሁለተኛ ማርሽ ብቻውን ወረደ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ የግመል መንጋ መንገዱን ሞልቶት አገኘ፤ ከመንጋው ኋላም ሕፃን ያዘለች ሴት ትሄዳለች። ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠ። መኪናው ተንቀጠቀጠና ቆመ። ሴትዮዋ ዞራ እንኳ ሳታየው መንገዷን ቀጠለች። አበጋዝ ወርዶ እሷ ከነበረችበት እስከ መኪናው ያለውን በእግሩ ለካ። ሁለት እርምጃ ነበር።

ጀልባው በደህና ደረሰ። በማግስቱ ሁለቱንም ጭነት ሊወስድ ቢመለስ፣ ቆርቆሮውን ሌላ መኪና ጭኖት ሄዷል፤ ሽንኩርቱን ብቻ አደረሰ። በወሩ የእድር ስብሰባ ላይ አቶ ወንድይፍራው ነገሩን በሰው ፊት አነሡበት። አበጋዝ ስለዚያች ሴትና ስለ ሁለቱ እርምጃ ተናገረ።

«ታዲያ ቆመህ የለም እንዴ?» አሉት። «በሰላም ገብተሃል! የኔ ቆርቆሮ ምን ሊያደርግህ ነበር?»

ስብሰባው በሳቅ ሞላ። አበጋዝ ለማስረጃ የሚያሳየው የተሰበረ ጀልባ አልነበረውም፤ የሚቆጥረው ሬሳም የለም። አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

ከኋላችን ከምንጎትተው ብዙው የራሱ ፍሬን የለውም። በይሉኝታ ያስጫኑን ሰዎች እያንዳንዳቸው የሚያዩት የራሳቸውን ጆንያ ነው፤ ድምሩን የሚያውቀው ነጂው ብቻ ነው። ስለዚህ ልክን አውቆ ማውረድም የእሱ ድርሻ ነው። በጊዜ ስላወረደም ምስጋና አይጠብቅ፤ ያልደረሰን አደጋ ማንም አላየውምና።

አንተስ፣ ይህን የምታነብ ወዳጄ፣ «ባዶ ነህ» እየተባልክ የጫንከው ስንት ኪሎ ደርሷል? ከሁለት አንዱን ምረጥ ብትባልስ፣ የሚስቅብህ እድር ይሻልሃል ወይስ የሚያለቅስልህ?