የእታገኝ እንሽላሊትና የተዘጋው አቋራጭ

ተረት ተረት፣ የጉንዳን ስምሪት።

እታገኝ የምትባል ብቻዋን የምትኖር ሴት ነበረች። አንድ ቀን ገለባ ስታወርድ ቀንድ ያላት ትንሽ እንሽላሊት አገኘች። የኋላ እግሯ ተሰብሯል። አሳዘነቻትና ሰባራ ጋን ውስጥ አሸዋ አድርጋ፣ እስክትድኚ እዚህ ተቀመጪ አለቻት። ሥጋ ከትፋ ሰጠቻት፤ አልበላችም። ዳቦ በወተት አርሳ ሰጠቻት፤ ፊቷን አዞረች። በአምስተኛው ቀን ሆዷ ከጀርባዋ ተጣበቀ።

«ታዲያ ምን ልስጥሽ?» አለቻት እታገኝ።

«ጉንዳን» አለች እንሽላሊቷ። «የሞተ አይደለም፣ የሚሄድ ጉንዳን።»

እታገኝ ጉንዳን ስትጠላ ለጉድ ነው። ግን እንሽላሊቷ ልትሞትባት ሆነ፤ ምን ታድርግ፣ ተነሳች።

ጉንዳኖቹን ከጉድጓዳቸው አፍ ላይ ሆና ለመነቻቸው። ጉንዳን ውጡ፣ እንሽላሊት አልበላ አለች። የምትበላው እነሱን መሆኑን ግን አልነገረቻቸውም፤ እናንተም እንዳትነግሩባት። ጉንዳኖቹ፣ ደጅሽ ላይ እህል ካልወደቀ አንወጣም አሉ። እኔ ልበትንላችሁ ብትላቸው፣ ካንቺ እጅማ አንወስድም፣ አምና አመድ የነሰነሰብን ማን ሆነና፣ ከጆንያ የተንጠባጠበ ይሁን አሏት።

ወደ ጎረቤቷ ወደ ጓንጉል ግቢ ሄደች። እዚያ አንድ ቀዳዳ ጆንያ አለ። ጆንያ እህል ጣል፣ ጉንዳን አልወጣ አለ፣ እንሽላሊት አልበላ አለች። ጆንያው፣ አህያ ተሸክሞ ካልነቀነቀኝ አልጥልም አለ።

አህያ በደጄ እለፍ፣ ጆንያ አልጥል አለ፣ ጉንዳን አልወጣ አለ፣ እንሽላሊት አልበላ አለች። አህያው ጆሮውን ጣል አድርጎ፣ ጌታዬ ካልነዳኝ አልሄድም አለ።

ጓንጉል አህያ ንዳ፣ አህያ አላልፍ አለ፣ ጆንያ አልጥል አለ፣ ጉንዳን አልወጣ አለ፣ እንሽላሊት አልበላ አለች። ጓንጉል ራሱን አከከ። ወፍጮ ቤት የምሄደው ድሮ በደጅሽ ነበር፣ አሁን አቋራጩ በእሾህ ስለተዘጋ በዳገቱ ነው የምዞረው አላት። ማን እንደዘጋው ግን አልተናገረም። ጨዋ ሰው ነው።

እሾህ ተነስ፣ ጓንጉል አልነዳ አለ፣ አህያ አላልፍ አለ፣ ጆንያ አልጥል አለ፣ ጉንዳን አልወጣ አለ፣ እንሽላሊት አልበላ አለች።

«እኔ እግር የለኝ» አለ እሾሁ። «ያስቀመጠኝ ያንሳኝ።»

«ማን ነው ያስቀመጠህ?»

«አንቺ ነሻ።»

እታገኝ ክው አለች። አምና ጉንዳን ዱቄቷ ውስጥ ቢገባባት፣ የጓንጉል ጆንያ ነው እያንጠባጠበ የሚጠራብኝ ብላ መንገዱን የዘጋችው ራሷ ነበረች። ረስታው ነው እንጂ ቅርንጫፉንም የቆረጠችው እሷው ናት። በጣም አፈረች።

እጇ እስኪደማ እሾሁን ጎትታ ጣለችው። እሾህ ተነሳ፣ ጓንጉል ነዳ፣ አህያ አለፈ፣ ጆንያ ጣለ፣ ጉንዳን ወጣ። እታገኝ ከሰልፉ ጥቂት ብቻ በላባ ጠርጋ ወሰደች፤ የቀሩትን ለነገና ለከነገ ወዲያ ተወቻቸው። እንሽላሊቷም ቀና አለች፣ ምላሷን አወጣች፣ አንዱን ላፍ አደረገች። ከዚያ ሁለተኛውን።

«እፎይ» አለች እታገኝ፤ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፣ ሳቀችም።

በማግስቱ አንድ ጉንዳን ወደ ዱቄት ዕቃዋ ሲሄድ አየችው። እጇ አመድ ሊያፍስ ተነሳና መሃል ላይ ቆመ።

«እለፍ» አለችው።

ተረቴ እዚህ አበቃ። ስትወጡ ጉንዳን እንዳትረግጡብኝ።