ጳጉሜ መቶ ስልሳ ሦስት

አንድ ካርድ ሻጭ ነበረ። ተቀመጥ እንጂ፣ ይስማው፤ ጥያቄህን ሰምቻለሁ። ላሳደገችህ ታላቅ እህትህ በየዓመቱ የምትልከውን የእንቁጣጣሽ ካርድ ዘንድሮ ሳትልክ ኅዳር ተጋመሰ። አሁን ብልክ ያሳፍራል ወይስ አያሳፍርም ነው ያልከኝ። የዚህን ደንብ ከካርድ ሻጩ በላይ የሚያውቅ ስላልነበረ የእሱን ልንገርህ።

ይህ ሰው በፖስታ ቤት ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግቶ የመልካም ምኞት ካርድ ይሸጥ ነበር። ሰው ከእሱ ካርድ ብቻ ሳይሆን ምክርም ይገዛል። ለአለቃ ወርቃማ ጽሑፍ ያለው፣ ለአማት ደግሞ አበባ የበዛበት ነው የሚላከው ይላል። ሐዘን ላይ ላለ ሰው ደማቅ ቀለም አይሆንም ይላል። ታናሽ ታላቁን ይቅደም፤ ሩቅ አገር የሚሄደው ነሐሴ ሳያልቅ ፖስታ ቤት ይግባ፤ ከመስቀል ወዲያ የአዲስ ዓመት ካርድ መላክ ግን ነውር ነው ይላል። ይህችን የመጨረሻዋን የሚናገረው ጣቱን ቀስሮ ነው። ሕጉን ያወጣው እሱ ራሱ ይመስል ነበር።

እናቱ ሩቅ ገጠር ትኖራለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት። ማንበብ አትችልም፤ ነገር ግን የልጇ ካርድ ሳይደርስ አዲስ ዓመት ቤቷ አይገባም። ካርዱ መስከረም ሁለትም ይምጣ ዐሥራ ሁለት፣ አሮጌውን ጉዝጓዝ ጠርጋ አዲስ ሣር የምትጎዘጉዘው፣ የክት ቀሚሷን የምታወጣው ያን ጊዜ ነው። «ብቻዬን ዘመን አልሻገርም፤ ልጄ ያሻግረኛል» ትላለች። ልጇ ይህን ሲሰማ ይስቅ ነበር።

አንድ ዓመት ገበያው ደራ። ካርድ ሻጩ ለእናቱ አደይ አበባ የተሳለባትን አንዲት ካርድ ለይቶ ኪሱ ከቷል። ለደንበኛው ሁሉ ነሐሴ ሳያልቅ እያለ የሚጮኸው ሰው የእናቱን እስከ መጨረሻው አቆያት። የራስ ሰው ይታገሣል ብሎ ነው፤ ሁላችንም የምንለው ነው። በጳጉሜ የመጨረሻ ቀን ጠረጴዛው ባዶ ሆኖ ሳለ አንድ ደንበኛ እያለከለከ መጣና እባክህ ብሎ ለመነው። ከኪሱ አውጥቶ ሸጠለት።

ነገ ሌላ አገኛለሁ አለ። ነገ በዓል ነው፤ ማተሚያ ቤቱ ዝግ ነው። ዛሬ ነገ ሲል ደመራው ተለኮሰ፤ መስቀል አለፈ። አሁን በራሱ ሕግ ታሰረ። ስንቱን ነውር ነው እያልኩ ስመልስ ኖሬ እኔው ልልክ ነው? አለ። ለገና እክሳታለሁ ብሎ ተጽናና። ገና ሲደርስ ደግሞ፣ ይህን ብልክ የዚያኛውን መቅረት አስታውሳታለሁ ብሎ ፈራ፤ እሱንም ተወው። ይስማው፣ ሐፍረት በጊዜ ካልገፈተሩት እያደር ይወፍራል። አንተም ታውቀዋለህ።

የካቲት ሲገባ አንድ ያገሩ ሰው ለገበያ መጥቶ በዚያ አለፈ።

«እናቴ እንዴት ናት?» አለው ካርድ ሻጩ፣ ዓይኑን ሰበር አድርጎ።

«አለች። ጳጉሜ ላይ ናት» አለ ሰውየው።

ካርድ ሻጩ ቀልድ መሰለውና ሊስቅ ሲል የሰውየውን ፊት አየ።

«ካርድህ አልመጣማ» አለ ያገሩ ሰው። «አምስቱን ቀን ጨርሳ ስድስት አለች፤ ሰባት አለች፤ እስከ ዛሬ ትቆጥራለች። አሁን ግን ደክማለች፤ እህል እምቢ ብሏታል። ‹ሳልሻገር ከሞትኩ በአሮጌው ዓመት ሞተች በሉ› ብላ ተናዛለች።»

ካርድ ሻጩ ጠረጴዛውን እዚያው ትቶ ማተሚያ ቤት ሮጠ። ጥጓ ስለታጠፈ ለሽያጭ ያልወጣች አንዲት ካርድ ለምኖ ተቀበለ። አንድ ቀን በመኪና፣ ግማሽ ቀን በእግሩ ተጓዘ። መንገዱን ሁሉ የፈራው አንድ ነገር ነው፤ ቆጠራው እንዳይቋረጥ።

በቀትር ደረሰ። አዝመራው ተሰብስቦ አገሩ ሁሉ ደርቋል። እናቱ በራፏ ሥር ግድግዳውን ተደግፋ፣ አሮጌ ነጠላ ለብሳ ተቀምጣለች። ከኋላዋ ቤቱ ውስጥ ያምናው ጉዝጓዝ ብናኝ ሆኗል። ለበዓሉ የታሰበው አውራ ዶሮ እንኳ ሳይታረድ ቀርቶ በግቢው ውስጥ እየኮራ ይንጎራደዳል። አጠገቧ አንዲት ጎረቤት ጥጥ ትፈትላለች።

«ዛሬ ስንት ሆነ?» አለች እናቱ።

«ጳጉሜ መቶ ስልሳ ሦስት ነው፣ እማማ» አለች ጎረቤቷ፣ እንዝርቷን ሳታቆም።

ይህችን ጎረቤት አስባት። በቤቷ ገናን አክብራለች፤ ጥምቀትን ወጥታ እልል ብላለች። እዚህ ደጃፍ ስትደርስ ግን ወደ ጳጉሜ ትመለሳለች። መንደሩም እንደዚያው ነው። አንዲት አሮጊት ባለፈው ዓመት ውስጥ ብቻዋን እንዳትቀር ተራ ገብተው እየመጡ አብረዋት ይቀመጡ ነበር። ማንም አልሳቀባትም፤ ማንም ተሳስተሻል አላላትም። እንዲህ ያለ መንደር ባለበት ምድር ላይ መኖሬን ሳስብ ተመስገን እላለሁ።

ካርድ ሻጩ በእናቱ እግር ሥር ተንበርክኮ ካርዷን መዳፏ ላይ አኖረላት። እሷ ፊቱን ሳታይ ካርዷን ዳሰሰች፤ የታጠፈችውን ጥግ በጣቷ አቃናች።

«አንብብልኝ» አለችው።

«እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገረሽ» ብሎ አነበበ።

ይህችን ቃል ስንት ሺህ ጊዜ ሸጧታል። ምን እንደምትሠራ ግን አንድም ቀን አይቶ አያውቅም። እናቱ «አሜን» አለችና የበሩን መቃን ይዛ ተነሣች። ያን ሁሉ ቀን ከቤቷ ደጃፍ ያልራቀችው ሴት ግቢውን አቋርጣ ወደ መንገዱ ወጣች። ጎረቤቷ እንዝርቷን ጥላ እልል አለች። በዚያ በደረቅ ወር ሴቶቹ ወደ ወንዙ ዳር ወርደው እርጥብ ሣር አጭደው መጡ። እየተሳሳሙ፣ እያለቀሱ፣ እንኳን አደረሰሽ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን ይባባሉ ነበር። ካርድ ሻጩ በአንድ ቤት ውስጥ ዓመት ሲወጣና ዓመት ሲገባ በዓይኑ አየ። ይህን የነገረኝ እሱ ራሱ ነው።

ለምን ዘገየህ አላለችውም። ሣሩ ተጎዝጉዞ ቁጭ ሲሉ ብቻ «መንገዱ ከበደብህ፣ ልጄ?» አለችው። እሱ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ።

እንግዲህ ይስማው፣ ካርድ ሻጩ አንተ ነህ። ነውር ነው አይደለም እያልክ ቀን የምትቆጥረው ስለ ራስህ ፊት ነው። እህትህ ግን የምትቆጥረው አንተን ነው። የላኪ ቀን አልፎ ይሆናል፤ የጠባቂ ቀን አያልፍም፤ አንተ እስክትደርስ ድረስ እዚያው ቆሞ ይጠብቅሃል። እኛ ቤት ኅዳር ዐሥራ አምስት ነው። እሷ ቤት ዛሬ ስንት እንደሆነ አንተ አታውቅም፤ እኔም አላውቅም። ምናልባትም ያች እናት እንደነበራት ያለ አብሯት የሚቀመጥ ጎረቤት የላትም ይሆናል። ምን ታየኛለህ? ተነሥ፣ ካርዷን ራስህ ይዘህላት ሂድ፣ የከሰዓቱ መኪና ሳያመልጥህ።