ከደወሉ ማማ ላይ መውረድ የፈለጉት እማማ ደብሪቱ

ስሙኝማ። እማማ ደብሪቱ የፈለጉት ትንሽ ነገር ነበር፤ መውረድ ብቻ።

ልጃቸውን ሊጠይቁ ከደሴ እንግሊዝ አገር ከመጡ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው። ልጃቸው ትብለጥ በርሚንግሃም ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። የእረፍት ቀኗን ጠብቃ፣ "እማዬ፣ ዛሬ ደግሞ ገጠሩን አሳይሻለሁ" አለችና በመኪናዋ ይዛቸው ወጣች። እንጆሪ ከማሳው እየለቀሙ በሉ። በስንዴ መሀል በምታልፍ ቀጭን መንገድ ተራመዱ። ከቀትር በኋላ ዓመታዊ በዓሏን የምታከብር አንዲት መንደር ደረሱ። በመንደሯ መሀል ያረጀ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከጎኑ ደግሞ የደወል ማማ። እላዩ የወጣ ሰው አገሩን ሁሉ ያያል ተባለ።

"አንቺ ውጪ፣ እኔ የሻይ ሰልፍ ልያዝ" አለች ትብለጥ። እማማ ደብሪቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ሰማንያ አራቱን ደረጃ ቀስ እያሉ ወጡ።

ትብለጥ በሁለት እጇ ሻይ ይዛ ስትመለስ የማማው በር ተዘግቷል። በትከሻዋ ገፋችው፤ ስንዝር የሚወፍር እንጨት ነውና አልተነቃነቀም። ቀና ብትል፣ እላይ ከድንጋዩ መከታ በኩል ነጭ ነጠላ ይውለበለባል።

"ትብለጥ፣ ተቆልፎብኛል። አውርጂኝ ልጄ፤ ራሴን አዙሮኛል" የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ።

ሻዩ ከእጇ ወደቀ። እናቷ የደም ግፊት አለባቸው፤ ኪኒናቸው ያለው እሷ ቦርሳ ውስጥ ነው። ስልኳን አወጣች፤ መንደሯ ሸለቆ ውስጥ ስለሆነች መስመር የለም። በሩ አልተከፈተም፤ እማማ ደብሪቱም አልወረዱም።

የደወሉ ኃላፊ ሚስተር ዊልፍሬድ የሚባሉ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ መሆናቸውን ሰዎች ነገሯት። ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው የኬክ ውድድር ሲዳኙ አገኘቻቸው። ሹካቸው ላይ ኬክ ነበር።

"እናቴ ማማው ላይ ናት። በሩ ተቆልፎባታል" አለቻቸው።

የሚስተር ዊልፍሬድ ፊት አመድ መሰለ። "የቆለፍኩት እኔ ነኝ። ግን ከመቆለፌ በፊት 'ሰው አለ?' ብዬ ወደ ላይ ተጣርቻለሁ። የመለሰልኝ የለም።"

በኋላ እንደተሰማው እማማ ደብሪቱ ጥሪውን ሰምተዋል። እንግሊዝኛ ስለማያውቁ ሰላምታ መስሏቸው፣ "እግዚአብሔር ይመስገን" ብለው በዝግታ መልሰው ነበር።

"አሁን ይክፈቱልኝ" አለች ትብለጥ።

ሽማግሌው ሸሚዛቸውን ዳበሱ። ከዚያ እጃቸው ባለበት ቀረ። "ቁልፉ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው" አሉ። "ኮቴን ደግሞ የገለባው ሰው ለብሶታል።"

ትብለጥ የሰማችው እውነት አልመሰላትም። ግን እውነት ነው። በዚያች መንደር ለበዓሉ ወፍ የሚያባርር የገለባ ሰው ይሠራል፤ ያማረው ይሸለማል። ሚስተር ዊልፍሬድ በሩን ቆልፈው ሲመለሱ ሞቋቸው ኮታቸውን አወለቁ። ባለቤታቸው ዶሪን የሠሩት የገለባ ሰው ኮት ስላልነበረው ወሰዱና አለበሱት። ከዚያም ጋሪ ላይ አስቀምጠው፣ በትራክተር እየጎተቱ መንደሩን ሊያዞሩት ሄዱ።

"ሌላ ቁልፍስ?"

"ቄሱ ጋ ነበር። ቄሱ ለእረፍት ወደ ባሕር ዳርቻ ሄደዋል። ልጄ፣ ዶሪን በወንዙ መንገድ ነው የምትመለሰው፤ አንቺ ሩጪ። እኔ በሩ ሥር ቆሜ እናትሽን አዋራለሁ።"

"እንግሊዝኛ እኮ አትሰማም።"

"ግድ የለም። ሰው መኖሩን ትስማ።"

ትብለጥ ሮጠች። የገለባው ሰው ኮቱን አላወለቀም፤ ኮቱ ቁልፉን አልሰጠም፤ ቁልፉ በሩን አልከፈተም፤ እማማ ደብሪቱም አልወረዱም።

የወንዙ መንገድ ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ የእሾህ አጥር ነው። ቁልቁል ወርዳ ትንሽ የድንጋይ ድልድይ አጠገብ ስትደርስ በድንጋጤ ቆመች። ከድልድዩ ማዶ መንገዱ በላም ሞልቷል። አርባ ይሆናሉ፤ ጆሯቸው ላይ ቢጫ ምልክት ተሰክቷል፤ ከአጥር እስከ አጥር ተጠባብቀው ቆመዋል። ከላሞቹ ጀርባ ትራክተር አለ። ከትራክተሩ ጀርባ ጋሪ አለ። ጋሪው ላይ፣ ድርቆሽ ክምር አናት ላይ፣ የገለባው ሰው ቡናማ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ተቀምጧል።

"ኮቱ! ኪሱ ውስጥ ቁልፍ አለ!" ብላ ጮኸች ትብለጥ።

ትራክተሩ ላይ ያሉት ዶሪን እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አደረጉ። ሞተሩ ያጓራል፤ ከወንዙ ዳር ደግሞ አንድ ውሻ ያለ ማቋረጥ ይጮኻል። አልሰሙም። ጋሪው አልመጣም፤ የገለባው ሰው ኮቱን አላወለቀም፤ ኮቱ ቁልፉን አልሰጠም፤ ቁልፉ በሩን አልከፈተም፤ እማማ ደብሪቱም አልወረዱም።

ከላሞቹ ፊት፣ ድልድዩ አፍ ላይ፣ እስከ ጉልበቷ ቦት ጫማ ያደረገች ወጣት ገበሬ ቆማለች፤ ሔዘር ትባላለች። ትብለጥ እየቃተተች ሁሉንም ነገረቻት፤ እናቷን፣ በሩን፣ ቁልፉን፣ ኮቱን፣ የገለባውን ሰው፣ ጋሪውን።

"እባክሽ ላሞቹን ወደ ዳር አድርጊልኝ" አለቻት።

"ዳር የት አለ?" አለች ሔዘር። "መሄድ የሚችሉት ወደ ፊት ብቻ ነው። ፊታቸው ደግሞ እሷ አለች።"

ድልድዩ መሀል አንዲት ዝይ ክንፏን ዘርግታ ቆማለች። ከሥሯ ስድስት ጫጩቶች ተሸጉጠዋል።

"አርባ ላም አንዲት ወፍ ፈርቶ ቆመ?"

"ላሞቹ አይደሉም የፈሩት፤ እኔ ነኝ። ብነዳቸው ጫጩቶቹን ይጨፈልቋቸዋል። ላነሣት ብሞክር ደግሞ ይኸው" አለችና የእጅ አንጓዋን አሳየቻት። ደም ነበረው።

ትብለጥ ወደ ኋላዋ ዞረች። ከዛፎቹ በላይ የማማው አናት ይታያል። ነጠላው እስካሁን ይውለበለባል፤ ግን ቀስ ብሏል፤ እጃቸው ደክሟል። ዝይዋ አልሄደችም፤ ላሞቹ አላለፉም፤ ጋሪው አልመጣም፤ የገለባው ሰው ኮቱን አላወለቀም፤ ኮቱ ቁልፉን አልሰጠም፤ ቁልፉ በሩን አልከፈተም፤ እማማ ደብሪቱም አልወረዱም።

"ለምን ወደ ውኃው አትወርድም?" አለች ትብለጥ።

"ውሻውን ፈርታ ነዋ። ጫጩቶቿን ይዛ ልትወርድ ስትል ይጮኻል፤ ትመለሳለች።"

"የማን ውሻ ነው?"

"የሚስተር ፐርሲ። ዓሣ ሊያጠምዱ ሲመጡ አብሯቸው ይመጣል። ጨዋ ውሻ ነበር፤ ዛሬ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ አላረፈም። ባለቤቱ ደግሞ ዝም በል አይሉትም። ደጋግሜ ተጣርቻለሁ፤ መልስ የለም።"

ትብለጥ ይህን ስትሰማ አንድ ነገር ወጋት። በምትሠራበት መጦሪያ፣ ተጠርቶ የማይመልስ ሽማግሌ ክፍሉ ተከፍቶ ይታያል እንጂ ዝም አይባልም። ውሻው ዝም አላለም፤ ዝይዋ አልሄደችም፤ ላሞቹ አላለፉም፤ ጋሪው አልመጣም፤ የገለባው ሰው ኮቱን አላወለቀም፤ ኮቱ ቁልፉን አልሰጠም፤ ቁልፉ በሩን አልከፈተም፤ እማማ ደብሪቱም አልወረዱም። እሷ ግን የእሾሁን አጥር በክፍተቱ ሾልካ ወደ ውሻው ወረደች።

ትንሽ ቡናማ ውሻ ነው፤ ድምፁ ሰልሏል። ዝይዋን አያይም። ላሞቹንም አያይም። የሚጮኸው ወደ ሸምበቆው ነው። የታጠፈ ወንበር ወድቋል፤ ጭቃው ላይ የተንሸራተተ ጫማ ምልክት አለ። ትብለጥ ሸምበቆውን በእጇ ገለጥ አደረገች።

ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ እስከ ደረታቸው ውኃ ውስጥ ናቸው። አንድ እጃቸው የዛፍ ሥር ጨብጧል። ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል፤ ዓይናቸው ግን ተከፍቷል።

"ውሻዬን አትቆጪው" አሉ፤ ድምፃቸው ከሹክሹክታ አይበልጥም። "እግሬ ተሰብሯል መሰለኝ።"

ትብለጥ ዘላ ስትገባ ውኃው እንደ በረዶ ነበር፤ በሰኔ ወር እንዲህ ያለ ብርድ ይኖራል ብላ አላሰበችም። ሔዘርን ጠራቻት። ሔዘር መጥታ ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "አንድ ሰዓት ሙሉ" አለች። "አንድ ሰዓት ሙሉ እዚህ ቆሜ ውሻውን ስራገም ነበር።"

"እሱን በኋላ። አሁን በግራ ያዣቸው" አለች ትብለጥ።

ሰው ማንሣት የዕለት ሥራዋ ነው። ብብታቸው ሥር ገባች፤ የተሰበረውን እግር ከተጠላለፈበት የዛፍ ሥር አላቀቀች፤ ሦስት ቆጠሩና ሳቡ። ሚስተር ፐርሲ አንዴ አቃሰቱ፤ ከዚያ ሣሩ ላይ ነበሩ።

ሰውየው ከውኃ ወጡ፤ ውሻው ዝም አለ። ውሻው ዝም አለ፤ ዝይዋ ስድስት ጫጩቶቿን አስከትላ ወደ ውኃው ወረደች። ዝይዋ ወረደች፤ ላሞቹ ድልድዩን ተሻግረው ወደ ግጦሻቸው ታጠፉ። ላሞቹ አለፉ፤ ጋሪው መጣ።

ዶሪን ሚስተር ፐርሲን እንዳዩ ከትራክተሩ ወርደው ድርቆሹን አስተካከሉ፤ ሦስቱ ሴቶች ሽማግሌውን ተሸክመው አስተኟቸው። ዶሪን ቀጥለው ወደ ገለባው ሰው ዞሩና ኮቱን አወለቁት፤ በሚስተር ፐርሲ ላይ ደረቡት። ኪሱ ውስጥ ብረት ሲንቀጫቀጭ ትብለጥ ሰማች።

ዶሪን ትራክተሩን አስነሡ። ሚስተር ፐርሲ የትብለጥን እጅ ይዘው አለቀቁም፤ እጃቸው እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ዓይናቸው ሊከደን ሲል የውሻውን ስም ጠየቀቻቸው። ስንት ዓሣ እንደያዙ ጠየቀቻቸው። ሚስት እንዳላቸው ጠየቀቻቸው። አንድ ዓይኗ እሳቸው ላይ፣ አንድ ዓይኗ ማማው ላይ ነበር። ነጠላው አሁን አይታይም። የሚስተር ፐርሲን እጅ ግን አልለቀቀችም።

መንደሩ ሲደርሱ ሰው ሁሉ ከድንኳኑ ወጣ። አንዱ በቤት ስልክ አምቡላንስ ጠራ። ሚስተር ዊልፍሬድ እየተንገዳገዱ መጥተው ኮቱ የት እንደዋለ ሲያዩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ኮቱን አላነሡትም። ቀስ ብለው እጃቸውን ኪሱ ውስጥ ከተቱ፤ ስንዝር የሚያህለውን ቁልፍ አወጡ።

ኮቱ ቁልፉን ሰጠ፤ ቁልፉ በሩን ከፈተ።

ትብለጥ መሄድ አልቻለችም። አምቡላንሱ መጥቶ ሽማግሌውን እስኪረከባት ድረስ እጃቸው እጇ ውስጥ ነበር። ከአምቡላንሱ የወረደችው የሕክምና ባለሙያ የሰውነታቸውን ሙቀት ለክታ፣ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየችው። "ግማሽ ሰዓት ቢጨምሩ ኖሮ እኔ አልጠቅማቸውም ነበር" አለች። ውሻው አብሮ ገባ፤ በሩ ተዘጋ፤ መኪናው ሄደ።

ያኔ ነው ትብለጥ ሣሩ ላይ ቁጭ ያለችው። ልብሷ ውኃ ያንጠባጥባል። ጥርሷ ይንገጫገጫል።

እማማ ደብሪቱ ሰማንያ አራቱን ደረጃ አንድ በአንድ ወርደው፣ ሚስተር ዊልፍሬድ ክንዳቸውን ይዘዋቸው በበሩ ወጡ። ደክሟቸው ማማው ወለል ላይ ተቀምጠው ነበር እንጂ ደህና ናቸው። ሚስተር ዊልፍሬድ በሩ ሥር ቆመው ስለ ደወሎቹ ሁሉ በእንግሊዝኛ ሲያወሩላቸው፣ እሳቸውም ስለ ልጃቸው ሁሉ በአማርኛ ሲመልሱላቸው ቆይተዋል። አንዱ የሌላውን አንዲት ቃል አልሰማም።

ልጃቸው አጠገብ መጥተው ቆሙ። ከራስ ፀጉሯ እስከ ጫማዋ አዩዋት። ኪኒናውን ልትሰጣቸው ቦርሳዋን ብትከፍት መያዝ አቃታት፤ ቀምተው ራሳቸው ዋጡ። ከዚያ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው አለበሷት፤ ጎኗ ሣሩ ላይ ተቀመጡ።

"የተቆለፈብኝ እኔ" አሉ እማማ ደብሪቱ፣ "የምትንቀጠቀጪው አንቺ።"

ትብለጥ ራሷን እናቷ ትከሻ ላይ ጣለች።