እንዴት ነው የሄደው?

አንድ ገበሬ ነበረ። ስሙን አትጠይቂኝ፤ ብነግርሽም ለፈተና አይመጣም።

አንቺ ትርሲት፣ ቅድም ክፍል ውስጥ እጅሽን አውጥተሽ ምን አልሽ? «ቲቸር፣ ‹ዎክ› ማለት በእግር መሄድ ነው፤ በቃ። ይሄ ስትሮል፣ ክሪፕ፣ ሊምፕ ምናምን የምትለን ሁሉ ያው መሄድ አይደል እንዴ? ለምን እንሸመድደዋለን?» አልሽ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀልሽ። እኔ ዝም ያልኩት ደወል ስለተደወለ እንጂ መልስ አጥቼ አይደለም። ነይ ቁጭ በይ። መልሱ የአገር ቤት ወሬ ነው፣ እንግሊዝኛ የለበትም።

ገበሬው ጨዋ ሰው ነበር። አይዋሽም፣ የሰው ድንበር አይገፋም። ለቃል ግን ግድ የለውም። ሚስቱ «ወጡ ጨው በዛበት ወይስ አነሰው?» ስትለው «ያው ነው» ይላል። ጎረቤቱ ተቀየመም ተጣላም ለእሱ ያው ነው።

በዚያው አገር አንድ ሀብታም ነበረ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ገና ያልተወቃ የጤፍ ክምሩ ተቃጠለ። የዓመት እህል ዐመድ ሆነ። ሀብታሙ እሪ አለ፣ ዳኛ ዘንድ ሄደ፣ አውጫጭኝ ተጠራ።

አውጫጭኝ የምታውቂ አይመስለኝም። ድሮ ጥፋት ደርሶ አጥፊው ያልታወቀ እንደሆነ አገሬው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ያየ ያየውን፣ የሰማ የሰማውን ይናገራል። አጥፊው እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ሥራው አይመለስም። ጊዜው ደግሞ የአጨዳ ጊዜ ነው፤ የደረሰው ሰብል ማሳ ላይ ይረግፋል፣ ከብቱን የሚያየው የለም። ሰው እንዲህ ሲሰለቸው፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ የሚፈልገው እውነትን አይደለም። ቤቱን ነው። ማንም ይሁን ማን፣ አንድ ሰው ተይዞ ነገሩ እንዲያልቅለት ይፈልጋል።

ሀብታሙ አንድ ጭሰኛ ነበረው። ሁለቱ በክረምቱ ክፉኛ ተጣልተው ስለነበር የሰው ሁሉ ዓይን እሱ ላይ ዐረፈ። ጭሰኛው በትር ተደግፎ እያነከሰ ነበር ሜዳው ላይ የመጣው። «የዚያን ዕለት እሾህ ወግቶኝ በመከራ ነው ቤቴ የገባሁት፤ በምን እግሬ ነው ክምር የማቃጥለው?» አለ። ማን ሰምቶት! «አሁን ለማምለጥ ያስመስላል» አሉት። ጥፋተኛ ከተባለ እሱ እግር ብረት ይገባል፣ ሚስቱና ልጆቹ ከጎጆው ይባረራሉ። ሚስቱ ሕፃን አዝላ ከሴቶቹ መሃል ቆማለች፤ እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል።

ያን ምሽት ጭሰኛውን መንገድ ላይ ያየው ደግሞ ይኸው ገበሬ ብቻ ነው። ዳኛው አስቆመው።

«ምን አየህ?»

«ጭሱ ሲነሣ በክምሩ በኩል ሲሄድ አየሁት።»

«እንዴት ነው የሄደው?»

«እንዴት ማለት? በእግሩ ነዋ!»

ሰው ሳቀ። ሀብታሙ ግን ከተቀመጠበት ብድግ አለ። «ሾልኮ ነዋ! ሾልኮ አይደል እንዴ የሄደው? ተናገር እንጂ!»

ገበሬው ደክሞታል። ልቡ ያለው ማሳው ላይ ነው። ሄደም ሾለከም ምን ለውጥ አለው? ዞሮ ዞሮ እግሩን አንሥቶ ሄዷል። «እንግዲህ ሾልኮም በሉት» አለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሜዳው አጉረመረመ። ንጹሕ ሰው ምን ያሾልከዋል? ተባለ። ሁለት ጎረምሶች ገመድ ይዘው ወደ ጭሰኛው ተጠጉ። ሚስቱ «ኧረ የሰው ያለህ!» ብላ ጮኸች።

ከዳኛው ጎን ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ተነሣና «ቆይ፣ ቆይ፤ መጀመሪያ ይማል» አለ። ወደ ገበሬው ዞሮም፣ «ሾልኮ ሲሄድ አይቼዋለሁ፤ ዋሽቼ እንደሆነ ልጆቼን አያሳድግልኝ ብለህ ማል» አለው።

 የገበሬው ልጆች ፊቱ ላይ ድቅን አሉበት። «አባቴ» አለ፣ «መሄዱን እምላለሁ። እንዴት እንደሄደ ግን… ቃሉ አልመጣልኝ አለ።»

«ቃሉ እንቢ ካለህ እግርህ ይንገረን። በል እንዳየኸው አድርገህ ሂድ።»

ያ ሁሉ ሕዝብ እያየው ገበሬው እያፈረ ሜዳው መሃል ገባ። ትንሽ አሰበና መራመድ ጀመረ። ግራ እግሩን አስቀደመ፣ ቀኙን ጎተተው። ቀኙን በጣቶቹ ብቻ መሬት አስነካና ፊቱን አጨማደደ። ጥቂት ሄዶ ቆመ፤ ጉልበቱን ይዞ ተነፈሰ። ደግሞ ተጎተተ። ጥግ ጥጉን አይደለም የሄደው፣ መሃል ለመሃል ነው። ይሄን ሁሉ ሲያደርግ የሜዳውን እኩሌታ እንኳ አላቋረጠም። ድንገት ራሱ ደንግጦ ቀጥ አለ።

«ኧረ! ያነክስ ነበር እኮ!» አለ። «እያነከሰ ነው የሄደው! ሾልኮ ያልኩት እኔ… እኔ እንኳ አይደለሁም፤ እሱ ነው ያለው!» ብሎ በጣቱ ሀብታሙን አሳየ።

ዳኛው የጭሰኛው እግር የተጠቀለለበትን ጨርቅ አስፈትቶ አየ። እግሩ አብጦ፣ መግል ቋጥሮ ነበር። «እሳት ለኩሶ የሚያመልጠው በዚህ እግሩ ነው?» አለ ሽማግሌው።  ጭሰኛውን ለቀቁት። ክምሩን ማን እንዳቃጠለው ስላልታወቀ ሰዉ እዚያው ሜዳ ላይ ሰነበተ፤ የገበሬውም ጤፍ ረገፈበት። ቢያማርርም ያዘነለት አልነበረም።

ይኸውልሽ ትርሲት። ገበሬው ውሸታም አልነበረም። ዓይኑ አይቷል፣ እግሩም ያውቀዋል። አፉ ውስጥ ግን ቃሉ አልነበረም፤ ባዶውን ቦታ ሌላ ሰው ሞላለት። አንቺም በአማርኛ ሲሆን ማን እንደሚያዘግም፣ ማን እንደሚንጎራደድ፣ ማን እንደሚንገዳገድ ለይተሽ ታወሪያለሽ፤ ያውም ለሐሜት ሲሆን አትቻይም! በእንግሊዝኛ ግን አንድ ‹ዎክ› ይዘሽ ዓለምን ልትዞሪ ነው። ነገ ነርስ እሆናለሁ፣ ሰው አገር ሄጄ እሠራለሁ ትያለሽ። በዚያ ቋንቋ ምን አየሽ፣ በሽተኛው እንዴት ነበር የሚሄደው የሚልሽ ይመጣል። የራስሽ ቃል ከሌለሽ፣ ጉዳይ ያለው ሰው የራሱን ያጎርስሻል፤ አንቺም አዎ ብለሽ ትውጪዋለሽ። በዚያ ቃል የሚታሰረው ደግሞ አንቺ አይደለሽም።