የአዴኒኗ ሁለት ባዶ እጆች

ሁለት ባዶ እጆች ነበሩ፤ ነገሩ ሁሉ ከእነሱ ይነሳል። የትርሲት እጆች።

የትምህርት ቤት ሜዳ። የወላጆች ቀን። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች በሁለት ረድፍ ቆመው ዲኤንኤ ይሆናሉ። አዴኒን ከቲሚን ጋር በሁለት እጅ ይያያዛል፤ ጉዋኒን ከሳይቶሲን ጋር በሁለት እጅና በአንድ ሻርፕ። ሌላ ጥንድ የለም። አንድ ጥንድ እንኳ ከተሳሳተ ክፍሉ ትዕይንቱን አያሳይም፣ ብለዋል የባዮሎጂ መምህርቷ። የስፖርት መምህሩ ዘውገ ግን ሁለቱንም ረድፍ እንደ ባንዲራ ሰልፍ በቁመት ደረደሩት! አዴኒኗ ትርሲት ፊት ሳይቶሲኑ ጎይቶም ሻርፑን አንጠልጥሎ ተገተረ።

"ካንተ ጋር? ሞቼ እገኛለሁ!" ወደ ቲሚኑ ዞረች። "ይድነቃቸው፣ ና እጄን ያዝ!"

"አመለወርቅ አልለቅ አለችኝ።"

"አንቺ፣ ልቀቂው! ካልለቀቅሽው አይመጣም፤ ካልመጣ እጄ ባዶ ነው።"

"ወድጄ የያዝኩት መሰለሽ? እኔ ጉዋኒን ነኝ! ጎይቶም ይምጣና እለቀዋለሁ።"

"ጎይቶም፣ ሂድ! ካልሄድክ አመለወርቅ አትለቅም፤ ካልለቀቀች ይድነቃቸው አይመጣም፤ ካልመጣ እጄ ባዶ ነው።"

"ከሰልፍ ወጥቼ ልንበርከክልሽ? ቲቸር ዘውገን ጠይቂ።"

"ቲቸር፣ ይፍቀዱለት! ካልፈቀዱ ጎይቶም አይሄድም፤ ካልሄደ አመለወርቅ አትለቅም፤ ካልለቀቀች ይድነቃቸው አይመጣም፤ ካልመጣ እጄ ባዶ ነው!"

"እኔ ላይ ትጮሂያለሽ? በቁመት ያለው ፎቶ አንሺው ነው!"

ፎቶ አንሺው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያነጣጥራል።

"ወንድሜ፣ ቁመቱን ተወው! ካልተውከው ቲቸር አይፈቅዱም፤ ካልፈቀዱ ጎይቶም አይሄድም፤ ካልሄደ አመለወርቅ አትለቅም፤ ካልለቀቀች ይድነቃቸው አይመጣም፤ ካልመጣ እጄ ባዶ ነው!"

"እህቴ፣ ካሜራዬ ወጣ ገባ አይወድም።"

አይወድም! ከወላጆች መሀል አባቷ ብድግ ብሎ እጁን አውለበለበላት። ከሥራ ፈቃድ ለምኖ ነው የመጣው። ደሟ ፈላ።

ትርሲት ዝርፍጥ አለች። በረድፉ መሀል፣ መሬት ላይ።

"ኧረ መሀሉ ገደል ሆነ! ተነሺልኝ!" አለ ፎቶ አንሺው።

"ቁመቱ ከቀረ እነሳለሁ።"

"ይቅር! በፈለጋችሁት ቁሙ!"

ፎቶ አንሺው ቁመቱን ተወ፤ ቲቸር ዘውገ ፈቀዱ፤ ጎይቶም ከነሻርፑ ሮጠ፤ አመለወርቅ ለቀቀች፤ ይድነቃቸው መጣና ሁለት እጆቿን ይዞ ከመሬት ብድግ አደረጋት።

"የት አባህ ቆየህ?" አለችው። እጁን ግን አልለቀቀችም።